ሆዱን የነፋው ግድግዳ

ሰኞ፣ ቀን 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለፕሮጀክተር ነው፤ ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። በግራ ገጽ የማሽኑን ዓይነት፣ በቀኝ ገጽ ጥሩና መጥፎውን ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ ነው መሰለኝ፣ ባዶ ገጽ ሳገኝ እጄ አላርፍ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ በሚመጣው ወር 28 ጡረታ ትወጣለች። አሁን አውቶቡስ ተራ መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ትኬት ትቆርጣለች። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት የሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበረች። ትኬቱ ሲያልቅ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ሙሉ ነው!» ስለምትል ሰፈሩ በሙሉ ሙሉ ነው ይላታል። እኔ ሙልዬ እላታለሁ። ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ ዛሬ ፍራሽ ይሸጥበታል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲኒማ ቤት የሠራች ሴት አንድም ፊልም ከመጀመሪያው አይታ አታውቅም። ለዘገየ ሰው ትኬት ቆርጣ፣ መስኮቷን ዘግታ፣ ስትገባ ፊልሙ ሃያ ደቂቃ ሄዷል። ሰውዬው ሲሮጥ ትደርሳለች፤ ለምን እንደሚሮጥ አታውቅም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መጀመሪያውን በሹክሹክታ እነግራት ነበር። የተዋወቅነውም እንዲሁ ነው። አንዳንዱን ከራሴ ፈጥሬ እንደነገርኳት እስከ ዛሬ አላመንኩላትም።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሲኒማ አቆምላታለሁ። ጡረታ በወጣችበት ቀን አንድ ፊልም ከመጀመሪያው ጀምራ ታያለች። ሌላ ስጦታ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ቀን 7

ከሥራ በኋላ ሱቅ ሄድኩ። ዐይን አዋጅ ሆነብኝ። ባለሱቋ ለመሸጥ የማትቸኩል ሴት ናት፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሳሎናችን ስፋት ነው። ጠባብ መሆኑን ነገርኳት። ተራው ፕሮጀክተር ከኋላ ሆኖ ስለሚያበራ፣ ሰው ብድግ ባለ ቁጥር ጥላው ፊልሙ ላይ ያርፋል። የኔዋ ደግሞ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጣ አታውቅም፤ ኩሽና ደርሳ ካልተመለሰች ቤቱ የሚፈርስ ይመስላታል።

«እንግዲያው የእርስዎ ይሄ ነው» ብላ ግድግዳ ሥር የሚቀመጠውን አሳየችኝ። ትንሽ ሻንጣ ያክላል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥና ብርሃኑን ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ሥዕል ይሆናል። ማንም በመሀል አያልፍበትም። መብራቱ ሌዘር ስለሆነ በየጊዜው አምፖል ቀይሩልኝ አይልም።

መግለጫው ላይ «እጅግ አጭር ውርወራ የሌዘር ፕሮጀክተር» ተብሎ ተጽፏል። ብዕሬን አውጥቼ ላርመው ምንም አልቀረኝም። ቤት ወስጄ ለሙልዬ ሳነብላት ሳቋን ለቀቀችው።

«ምኑን ነው የሚወረውረው? ድንጋይ?»

«ብርሃን።»

«ታዲያ ያበራል አይሉም? ውርወራ ካልክማ መስኮት እንዳይሰብርብኝ።»

ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ወርዋሪው ነው።

ቅዳሜ፣ ቀን 9

ባለሱቋ የመጀመሪያውን ማሽን ሱቅ ውስጥ አብርታ አሳየችኝ። ቀለሙ ደማቅ፣ ድምፁ ጥሩ። ግን ሥዕሉ መሀል ላይ ጭጋግ የመሰለች ነገር አለች። ጣት የነካው መነጽር ዓይነት። ነገርኳት። መስታወቱን በጨርቅ ጠረገችው። አልለቀቀም። ደግማ ጠረገችው።

«እኔ ምንም አይታየኝም ጋሼ» አለች።

ነጋዴ ምን ትበል። አንደኛው ማሽን፦ መሀሉ ቆሻሻ። ይቅር።

ረቡዕ፣ ቀን 13

ሁለተኛውን ለሙከራ ቤት ድረስ አምጥታ ተከለችልኝ። ሙልዬ የከሰዓት ተረኛ ስለሆነች ብቻዬን አየሁት። ብርሃኑ ግሩም ነው፤ መጋረጃ ሳይዘጋ ይታያል። ግን የሳሎናችን ግድግዳ ጉድ አደረገኝ። ከታች የሚወጣው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይመጣና መሀል ላይ ሲደርስ ይጎብጣል። ባለሱቋ አስጠንቅቃኝ ነበር፦ ይህ ዓይነቱ ማሽን ብርሃኑን የሚልከው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ የግድግዳ ነውር አይደብቅም፤ ትንሽ እብጠት እንኳ ሥዕሉን ያጣምመዋል። ስለዚህ ጥፋተኛው ታወቀ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ሆዱን እንደነፋ አላወቅኩም ነበር።

ጭጋጓ እዚህኛውም ላይ አለች። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ይሆናሉ።

ዓርብ፣ ቀን 15

በችኮላ። ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት። እጄ ለስላሳ ነው ይላል፤ ዐይኔ አብጧል ይላል። እጅ ምን ያውቃል። ግንበኛ ይጠራ።

ሰኞ፣ ቀን 18

ግንበኛው መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ቱምቢ አወረደ፤ ውሃ ልኩን አስደገፈ፤ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ በጎን አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የሠራው ሰው እጁ ይባረክ።»

«ሆዱን አልነፋም?»

«እዚህ ቤት ውስጥ ሆዱን የነፋው እኔ ብቻ ነኝ።»

ልቤ ስላላመነ ክር ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ አሳየኝ። ክሩም መሀሉ ላይ ጎብጧል። «ክርህ ረግቧል» አልኩት። በጣቱ ነካው፤ ጥንን ብሎ ጮኸ። ያኔ መሳቁን ተወ። ትኩር ብሎ አየኝና ክሩን ቀስ አድርጎ ጠቀለለ። ምንም አልሠራሁም ብሎ የድካሙን እንኳ አልቀበል አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ «እትዬ የት ነው የሚሠሩት?» አለኝ። አውቶቡስ ተራ እንደሆነች ነገርኩት። ትኬት ፈልጎ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ቀን 21

አፈርኩ። የሠርግ መጥሪያ ካርድ ላይ «የተከበሩ እንግዶቻችን» የሚለው «የተሰበሩ እንግዶቻችን» ሆኖ ታትሞ ወጣ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የማረጋገጫው ወረቀት ላይ ፊርማዬ አለ። የሙሽራዋ እናት ካርዱን ይዘው መጡና «መሰበራችንንስ ተሰብረናል፤ ሠርግ ደግሰን! ግን ለምን ታወሩብናላችሁ?» ብለው ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከስድብ ባሰብኝ።

አለቃዬ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ለብቻዬ ጠርቶ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የዚህ ቤት ዐይን ነዎት። እርስዎን ካለፈ ማን ይይዘዋል?» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

መብራቱ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አምፖል ደክሟል። ይቀየርልኝ ብዬ አመለከትኩ። ግን ከ እና ሰ! አራሚ ሆኖ ከ እና ሰ!

እሑድ፣ ቀን 24

ሙልዬ እያረጀች ነው መሰለኝ። ስጽፈው ሆዴ ይባባል።

ሰሞኑን የምትሠራውን ልብ ብዬ እያየሁ ነው። የሳሎኑን ሰዓት አውርዳ ቁጥሩ ሳህን ሳህን የሚያክል ሰቀለች። ኩሽና ውስጥ እንደ ቀትር የሚያበራ አምፖል አስገባች። የስኳርና የጨው ዕቃዎቹን ለያየቻቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ተንበርክካ የበረንዳውን ደረጃ ጠርዝ ነጭ ቀለም ስትቀባ አገኘኋት።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«ጠርዙ አይታየኝም፤ እንዳልወድቅ ብዬ ነው» አለች ቀና ሳትል።

አንጀቴን በላችው። በመስኮት ቀዳዳ የስንቱን ሰው ፊት ስትለይ የኖረች ሴት። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ፤ በእጅሽ ያዥኝ» አልኳት። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ ከቤት ስንወጣ ክንዴን ትይዛለች። ደስ ይላል፤ እጮኛሞች ሳለን እንኳ እንዲህ አትይዘኝም ነበር። ሰው ያየናል እያለች።

ማሽኑን ቶሎ መግዛት አለብኝ። ዐይኗ ሳይደክም ትይበት።

ማክሰኞ፣ ቀን 26

ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ለመስማት አልሄድኩም።

«አይ፣ ገና አልነገረኝም… አውቃለሁ… አታስቸኩዪኝ፤ እሱን ታውቂው የለ። ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።»

ስለ ፊልሙ ነው! የትኛውን ፊልም እንደማሳያት ሰምታለች ማለት ነው። ከማተሚያ ቤቱ ሰዎች አንዱ አፉ አላስቻለውም። መጀመሪያ በተዋወቅን ሰሞን መግቢያው ያመለጣትን ፊልም ነው የማፈላልግላት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ መኝታ ቤት አለፍኩ። ያልሰማ መስዬ ሳልፍ በትከሻዬ የበሩን መቃን ገጨሁት። እሱም ጎብጧል። ቤቱ እንዳለ እየሰመጠ ይሆን እንዴ?

ቅዳሜ፣ ቀን 30

ዛሬ ረጅም ልጽፍ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሙልዬ አጠገቤ ታንኮራፋለች። አላንኮራፋም ብላ የምትምልበትን ማንኮራፋት።

ስለ አባቴ ሳስብ ዋልኩ። ከስልሳ ዓመቱ በኋላ ዐይኑ ቀስ በቀስ ከዳው። አልተናገረም። መጀመሪያ ጋዜጣ ማንበብ ተወ፤ «ምን ወሬ አለና» እያለ። ከዚያ ሰላምታ መስጠት ተወ፤ ሰው ኮራብን አለ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ገበያ መሀል እጄን አጥብቆ ሲይዘኝ አፍሬ መንጭቄ አስለቀቅኩት። ቆመ። እጆቹን ትንሽ ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ሰው እየገፋው፣ ባለበት ቆመ። ተመልሼ ያዝኩት፤ ግን ከመመለሴ በፊት ቆሜ አይቼዋለሁ። ይህን ለሙልዬ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ለምን ዛሬ እንደመጣብኝ አላውቅም። ስለ ማሽኑ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ባለሱቋ ሦስተኛ አላት፤ ሦስት ዓይነት ሌዘር ያለው፣ ቀዩ ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ፣ ሰማያዊው ለብቻ። እሱ ጭጋግ አይኖረውም።

ማክሰኞ፣ ቀን 3

አለው።

የዛሬው ቅር ብሎኛል። ባለሱቋ ሦስተኛውን አብርታ፣ ክንዷን አጣጥፋ፣ ማሽኑን ትታ እኔን ታያለች። «ጋሼ፣ የሦስቱም ጭጋግ አንድ ቦታ ላይ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ መሀል ላይ አልኳት። «ወደ ግራ ጥግ ሲያዩስ?» ወደ ግራ ጥግ አየሁ። ጭጋጓ ወደ ግራ ጥግ ሄደች።

«ሠሪዎቹን ጠይቂልኝ» ብዬ ወጣሁ። ባርኔጣዬን ረስቼ። ተከትላኝ ወጥታ ሰጠችኝ፤ «አይቸኩሉ፣ ማሽኑ የትም አይሄድም። እርስዎ ግን…» አለችና ተወችው።

ዓርብ፣ ቀን 6

ግራ ዐይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለጌጥ የተቀመጠች ናት፤ በጨዋታ ላይ ድንጋይ አግኝቷት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ትለያለች። ለሁለቱም የምትሠራው ቀኟ ናት። ዛሬ መታጠቢያ ቤት በሩን ቆልፌ መስታወት ፊት ቆምኩ። ግራዬን በእጄ ሸፈንኩ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ቀን 11

ማሽኑ ተገዛ! የመረጠችው ሙልዬ ናት። እኔ ሳምንታት የፈጀሁበትን በአንድ ደቂቃ ጨረሰችው። ሱቅ ወሰድኳት፤ ሦስቱም በሩላት፤ ሥዕሉን አላየችም፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻቸው። «ይሄ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ይሄ ያፏጫል። ይሄኛው ጨዋ ነው» አለች። ሁለተኛው ነው። ባለሱቋ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ጥግ ይዘው ሲያወሩ ቆዩ፤ ስለ ዋስትናው ነው አሉኝ። ሙልዬ ስትመለስ መሐረቧን እያጠፈች ነበር።

በመንገድ ላይ «የምትነግረኝ ነገር የለህም?» አለችኝ።

«ታገሺ፣ ጊዜው ሲደርስ» አልኳት። ስለ ፊልሙ መሆኑ ነው። ክንዴን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችኝ።

እሑድ፣ ቀን 15

ፊልሙ ተገኘ። ደስታዬ ልክ የለውም። ሻይ ስቀዳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ሆነ። «ደስ ብሎህ ነው» ብላ ጠረገችው።

ሐሙስ፣ ቀን 19

እኔ አርሜ የጨረስኩትን ገጽ ከእኔ በኋላ የማተሚያ ቤታችን ጸሐፊ ደግማ እያነበበችው ነው። ዛሬ ድንገት ተመልሼ ስገባ ደረስኩባት። በቀይ ያከበበችውን በክንዷ ሸፈነች። የዛሬ አሥር ዓመት ሥራውን ያስተማርኳት ልጅ ናት። «አለቃ ነው ያዘዘኝ ጋሼ፣ ይቅርታ» አለችኝ፤ ዐይኗ በእንባ ሞላ። እኔው አባበልኳት።

ስንት እንዳከበበች አልጠየቅኩም። አዲሱ አምፖል ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው።

ዓርብ፣ ቀን 27

ነገ ነው። ሁሉ ዝግጁ። ስለ ሌላው ነገር፣ ከነገ በኋላ። ደስታዋን አላበላሽም። ሁለት ቀን ምን ይለውጣል። ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ አልኩት?

እሑድ፣ ቀን 29

ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ፤ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ትላንት መስኮቷን ለመጨረሻ ጊዜ ዘግታ መጣች። ባልደረቦቿ የሰጧትን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። የሳሎኑ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። በቁርጥራጭ ካርቶን ትኬት ሠርቼ ነበርና ቀድጄ ሰጠኋት። «ቦታ አለ?» አለች። «ለአንድ ሰው ብቻ» አልኳት።

ወርዋሪውን አበራሁት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ጎበዝ ተማሪ ተቀመጠች። ኩሽና አልሄደችም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልተነሳችም! ሰውዬው የሚሮጠው የወንድሙን ባቡር ለመድረስ ኖሯል።

«አንተ ውሸታም! ሌባ ነው ብለኸኝ አልነበር?» ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ያኔ ገና አላገባሁሽም፤ ማስደነቅ ነበረብኝ።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም። ከብዙ ጊዜ በኋላ እውነተኛ ሳቅ ሳቅኩ።

ከዚያ አንዲት ሴት በር ከፍታ ገባች። ምንም ሳትናገር ቆመች። ሙልዬ በቀስታ «ይቺስ እየሳቀች ነው እያለቀሰች?» አለችኝ። ጭጋጓ የሴትዮዋ ፊት ላይ ተቀምጣለች። ገመትኩ። «እየሳቀች» አልኩ።

ሙልዬ ሪሞቱን አንስታ ፊልሙን አቆመች። «እያለቀሰች ነው» አለች።

«ይሄም ማሽን መሀሉ ችግር አለበት። ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

ሙልዬ ተነስታ ወርዋሪውን አጠፋች፤ የቤቱን መብራት ሁሉ አበራች። ወንበር ሳበችና ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አሁን ማሽን የለም። ግድግዳ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ። ፊቴ ላይ ምን ይታይሃል?»

ሻርፑ ይታየኛል። ጸጉሯ ይታየኛል። አገጯ ይታየኛል። መሀል ላይ ጭጋጓ አለች። ዐይኖቿ የሉም፤ አፍንጫዋ የለም። መዋሸት አቃተኝ።

«የለሽም» አልኳት። «መሀሉ ላይ የለሽም።»

እጆቼን ያዘች። እያለቀሰች መሆኗን ያወቅኩት በድምፅዋ ነው። «ከግንበኛው ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። ለካ ያ ደግ ሰው በዚያው ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዶ፣ ትኬት የሚገዛ መስሎ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «እትዬ፣ ግድግዳዎ ደህና ነው፤ ጋሼን ሐኪም ያሳዩአቸው» ብሏታል። የደረጃው ቀለም፣ ሰዓቱ፣ የስኳሩ ዕቃ፣ ክንዴን መያዟ፣ ሁሉም ለእኔ ነበር። እኔ እሷን ስመራ የከረምኩ መስሎኝ!

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ብዬ። ኩራትህን እንዳልነካብህ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ… ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! ስድስት ሳምንት!»

እኔ እሷን እንዳላሳዝን፣ እሷ እኔን እንዳታሳፍር። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብረን አንዲት ዐይን ልናጠፋ። ስለ አባቴ፣ ስለ ገበያው፣ እጄን መንጭቄ ስላስለቀቅኩት ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ እጄን አልለቀቀችም።

ሰኞ፣ ቀን 30

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ አነስ ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። ካሬ ካሬ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጥታኝ መሀሉ ላይ ያለውን ነጥብ እንዳይ አዘዘችኝ።

«ይህን ማን አተመው?» አልኳት። «መስመሩ ጠማማ ነው። ነጥቡም አልወጣም።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ሙልዬ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ።

ከዐይኔ ጀርባ፣ ማየት በሚበረታበት ቦታ ላይ፣ ፈሳሽ ቋጥሯል። መስመሩን የሚያጎብጠው እሱ ነው። መድኃኒቱ በመርፌ ዐይን ውስጥ ይሰጣል፤ በየወሩ። ፈሳሹ ከደረቀ የቀረው ይተርፋል። የሞተው ቦታ ግን አይመለስም። «ሁለት ወር ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን…» አለችና የሙልዬን ፊት አይታ መሰለኝ ተወችው። «ዛሬ መምጣትዎ ጥሩ ነው» አለች።

ሐሙስ፣ ቀን 3

መርፌ። በዐይን። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሙልዬ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ነርሷ እንደነገረችኝ መርፌው የገባው እሷ ዐይን ውስጥ ይመስል ነበር።

እሑድ፣ ቀን 13

በወፍራም እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል። በአንድ ገጽ አሥር መስመር ብቻ ይገባል። ሙልዬ «የልጅ ደብተር አስመሰልከው» አለች።

ትላንት ባለሱቋ ልትጠይቀኝ መጣች። «የመጀመሪያ ቀን ጭጋጓን ሲነግሩኝ ወዲያው ለእትዬ መደወል ነበረብኝ» እያለች ራሷን ወቀሰች። ሁሉም ሰው ራሱን ይወቅሳል፤ ለእኔ የተረፈልኝ ጥፋት የለም አልኳቸው። ሳቁ። ለእኔ የተረፈው ትልቁ ነው፤ እናውቃለን።

ሰኞ፣ ቀን 14

ማተሚያ ቤት ሄጄ ለአለቃዬ በአፌ ነገርኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተናገርኩትን ያህል ከበደኝ። «እስኪሻልዎ ጠረጴዛዎ ላይ ማንም አይቀመጥም» አለኝ። ሊሻለኝ እንደማይችልም ነገርኩት። «እሱንም ሰምቻለሁ» አለ። ጸሐፊዋ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ካለው ግንብ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ቀን 25

ዛሬ ጠዋት የበሩ መቃን ቀጥ ብሎ አየሁት። ሙልዬን ጠራኋት። ሁለታችን እንደ ሞኝ የበር መቃን እያየን ቆምን። ግድግዳውም ሆዱን ሰብስቧል። ይቅርታ ጠየቅኩት።

ጭጋጓ አልሄደችም። አንሳለች እንጂ አልሄደችም።

እሑድ፣ ቀን 11

ሁለተኛው መርፌ ካለፈ አሥር ቀን ሆነው። ትላንት ሐኪሟ እውነቱን ነገረችን። ፈሳሹ ደርቋል፤ ጉዳቱም መስፋት አቁሟል። መሀል ላይ የሞተችው ትንሽ ቦታ ግን እንደሞተች ትቀራለች። ማረም አልችልም። በእግሬ መሄድ፣ ሰው መለየት፣ በትልቁ መጻፍ እችላለሁ። አባቴ የገባበት ጨለማ ውስጥ አልገባሁም። ሐኪሟ «ፊት ለፊት ሲያዩት የሚጠፋብዎትን ነገር፣ ከጎኑ ይዩት፤ ትንሽ ፈቀቅ ብለው። ዐይንዎ ይለምደዋል» ብላ መከረችኝ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ሞከርኩት። አፍንጫዋን አየሁ፤ ሙልዬ የለችም። ግንባሯን አየሁ፤ የለችም። ከዚያ ግራ ጆሮዋን አየሁ። ቅንድቧ መጣ። ከዚያ ዐይኗ፣ ከዚያ ሁለቱም፣ ከዚያ አፏ። ዳቦ እያኘከች ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ! ትንሽ ከስታለች። አልነገረችኝም።

«ምነው ጆሮዬ ላይ አፈጠጥክ? ቆሽሿል እንዴ?»

«አንቺን እያየሁ ነው።»

«እኔ እዚህ ነኝ» ብላ አፍንጫዋን ጠቆመች።

«እዚያ ስፈልግሽ ትጠፊብኛለሽ። የምትገኚው ጆሮሽ ጋ ነው።»

ማኘኳን አቆመች። ልትቀልድብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለደችም። ጆሮዋ ላይ የወረደውን ጸጉሯን ወደ ኋላ አደረገችና፣ አይቼ እስክጠግብ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠችልኝ።